ብረትና ቀርከሃ



የሁለት አገር ጥበብ ተዋሐደ ሲባል ብዙዎቻችን የአንዱን ጌጥ በሌላው ዕቃ ላይ መለጠፍ ይመስለናል። ፈረንሳዊቷ የቤት ዕቃ ነዳፊ ሻርሎት ፔሪያን የሠራችው ግን ከዚህ የራቀ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፔሪያን በ1928 ከለ ኮርቡዚየና ከፒየር ዣንሬ ጋር ሆና የብረት ቧንቧ መጋደሚያ ወንበር ነድፋ ነበር። በ1940 የጃፓን የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የእጅ ሥራ አማካሪ አድርጎ ጋበዛት። የተጠራችው ለውጭ ገበያ የሚስማማ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ እንድትመክር ነው። እርስዋ ግን የአውሮፓን መልክ ቅዱ አላለችም፤ ባለሙያዎቹ ዘንድ ሄዳ የእጃቸውን ሥራ ተመለከተች። በ1941 በቶኪዮና በኦሳካ በተከፈተው ኤግዚቢሽን መጋደሚያውን በቀርከሃ አሠርታ አቀረበችው። ሐሳቡ ከፓሪስ መጣ፤ ቀርከሃውና እጁ የጃፓን ነበሩ።

በጉዞዋ የረዳት ወጣት ሶሪ ያናጊም በ1954 የቢራቢሮ በርጩማን ነደፈ። በርጩማው ከሁለት የጎበጡ ጣውላዎች የተሠራ ነው። ስስ ጣውላ ደራርቦ በሙቀት ማጉበጥ በምዕራብ አገር የተስፋፋ የፋብሪካ ብልሃት ነው፤ የክንፎቹ ጭምትነት ግን ከጃፓን የእጅ ጥበብ የተወረሰ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ፔሪያን ለማስተማር ተጠርታ ለመማር አላፈረችም፤ ያናጊም ተምሮ ገልባጭ አልሆነም። እኛስ የውጭውን መጽሐፍ ዘግተን ስንነሣ፣ በእጃችን ያለውን ቀርከሃ እናውቀዋለን? ለዚህ ጥያቄ ፈተና አያዘጋጁልንም፤ መልሱን ግን በሥራችን እንጠየቃለን።