የጨዋታ ዘመንና የሹመት ዘመን



በእንግሊዝ አገር የየአውራጃው የክሪኬት ቡድን ለብዙ ዘመን ሁለት ዓይነት ሰዎችን በአንድ ሜዳ ያሰልፍ ነበር፤ አንደኛው በደመወዝ የሚጫወት ባለሙያ፥ ሁለተኛው ያለ ደመወዝ የሚጫወት የጨዋ ልጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ልብስ የሚለውጡበት ክፍል እንኳ በብዙ ስፍራ የተለያየ ነበረ። ይህ ልዩነት በይፋ የቀረው በ1955 ዓ.ም. ነው። ደመወዝተኛው ኳስ መቺ ክንዱ የዛለና ዓይኑ የፈዘዘ ዕለት ሙያው ያከትማል፤ እንጀራውንም ሌላ ስፍራ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ለተማረው ተጫዋች ግን ያው አጭር የጨዋታ ዘመን የሹመት መሰላል ሆነለት።

ነገሩ እስከ ድንበራችን የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። እንግሊዞች ሱዳንን በገዙበት ዘመን ሹማምንቱን የሚመርጡት በጽሑፍ ፈተና ሳይሆን በቃል ጥያቄ ነበር፤ የተመረጡትም አብዛኞቹ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ሲሆኑ፥ በስፖርት ስም ያተረፈ ይበልጥ ይወደድ ነበር። በከሰላ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረችው ገዳሪፍም በእንዲህ ያሉ ሰዎች ትተዳደር ነበር።

ከእነዚህ ሹማምንት ለእኛ የሚቀርበው ክሪኬተኛ ሳይሆን ቦክሰኛ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር አባቱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ለኦክስፎርድ የተጋጠመው ለአራት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ በ1925 ዓ.ም. ያ ዘመን አበቃ። በ1927 ዓ.ም. በሱዳን አስተዳደር ተቀጥሮ በዳርፉር፥ ኋላም በኑዌር አገር አገለገለ። ጣሊያን ገላባትን በያዘ ጊዜ በሱዳን መከላከያ ሠራዊት ውስጥ ወደዚያ ግንባር መጣ፤ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ስሊም ገላባትን አስለቀቀ፥ ግን ሊይዛት አልቻለም። ቴሲጀር ከዚያ ወደ ጎጃም ዘልቆ ከአርበኞቻችን ጋር ተዋጋ።

ለዚህ ያበቃው ቡጢው ነውን? እኔ አይመስለኝም። በአገራችን ማደጉና በ1926 ዓ.ም. አዋሽን እስከ መድረሻው ተከትሎ መጓዙ ይበልጥ ጠቅሞታል። ቡጢውም ቢሆን ዋጋ ያገኘው ከዲግሪው ጋር በመሆኑ ነው። የገዳሪፍ ልጅ የቱን ያህል ቢበረታ ያ በር አይከፈትለትም ነበር፤ በካርቱም ጎርደን ኮሌጅ ቢማርም ለረጅም ዘመን የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ የጸሐፊነትና የበታችነት ሥራ ነበረ።

እኛም ዘንድ ፈጣን ሯጭና ጥሩ ኳስ ተጫዋች ገና ተማሪ ሳለ ክለብ ይወስደዋል። ጉልበቱ ቢጎዳ በሃያ ሁለት ዓመቱ ይመለሳል። ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ የእንዲህ ያለው ተማሪ ስም ከመዝገብ ሳይሰረዝ ይቆይ፥ የማታ ትምህርትም ይፈቀድለት፥ ክለቡም ሲያስፈርመው ይህን በውሉ ውስጥ ያግባ።