«ሴት ናት» ሲሉኝ ዝም አልኩ

(አንዲት አባላችን በቤይሩት የእሑድ የእናቶች ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)

እህቶቼ፣ እረፍት ተከልክላችሁ በስልክ የምትሰሙኝም፣ ታሪኬን ልንገራችሁ።

እዚህ አገር ስወልድ «ማርያም ማርያም» የሚልልኝ አልነበረም። ገንፎ የለ፣ አራስ ጠያቂ የለ። አዋላጇ «ቢንት» ስትለኝ ዝም አልኩ። ባሌ ወንድ ነበር የሚጠብቀው፤ እውነቱን ልናገርና እኔም። በእኛ ሰፈር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ለልጄ ሦስቱም ቀረባት።

ከዚያ እንቅልፍ አጣሁ። አጠባታለሁ፣ ፊቷን ግን አላይም። አንድ ሌሊት ጥያት ልሄድ በሩ ድረስ ደረስኩ። ምን ዓይነት እናት ነኝ እያልኩ፣ ለማንም ሳልናገር ሦስት ወር ቆየሁ።

ጎረቤቴ ናት እዚህ ያመጣችኝ። ስምንት ሆነን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ደንባችንን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል፣ ካልተጠየቀ ማንም አይመክርም፣ የሚያለቅስ ሕፃን አጠገቡ ያለችው ታነሳዋለች። ተራዬ ሲደርስ «ሴት በመሆኗ አዘንኩ» አልኩ። ስድብ ስጠብቅ አንዷ «እኔ ደግሞ ወንድ በመሆኑ አለቀስኩ» አለች። አገር ቤት የተወቻት ልጇ አያቷን «እማዬ»፣ እሷን «አክስቴ» ነው የምትላት። ሴት ብትወልድ ያቺን የምትክስ መስሏት ነበር። እኔም ራሴን ጠየቅኩ፤ ለምን ወንድ ፈለግኩ? ለካ ሴት ከሆነች እንደኔ በሰው ቤት ትንገላታለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ነርሷ ያስረዳችንን ልንገራችሁ። ከወሊድ በኋላ ሆድ መባስ ብዙ እናት ላይ ይደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሕመም ነው፣ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 ወላዶች 13 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ይገጥማቸዋል፣ አብዛኛው ድባቴ ነው። ደግሞ የሕፃኑን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው፤ ባሎቻችሁ ሲያኮርፉ ንገሯቸው!

ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት ያሰበች እህት ግን እሑድን አትጠብቅ። ሊባኖስ ውስጥ 1564 ይደወላል፤ አረብኛ ካስቸገራት አንዳችን አብረናት እንደውላለን። ወረቀት የሌላትም አትፍራ፣ መጀመሪያ ለእኛ ትንገረን።

ልጄ ዓመት ሞላት። ባለፈው ወር እዚሁ መሐላችሁ ስትራመድ እልል አላችሁላት። ቆጠርኩት፤ ከሰባት በለጠ።