የከሰመ ፍርሃት ዳግም ሲነሣ



«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዛሬ የማነሣው ተረቱ ያልነካውን ነው። ያ ሰው ልጡን ለምዶ፣ በእጁ ይዞ፣ አጥሩን ካሰረበት በኋላ አንድ ቀን ደግሞ ለምን ይበረግጋል? ገና ጨቅላ በሆነ እንስሳስ ላይ ይኸው ይደርሳል ወይ?

በከተማችን በሆሳዕና ጎዳና ዘወትር ከምናየው እንነሣ። ጡት የተወች፣ ጭነት ግን ገና ያልለመደች የአህያ ውርንጭላ ገበያ ዳር ባጃጅ ጡሩንባውን እያንባረቀ ገጫት እንበል። ከዚያ ወዲያ ጡሩንባ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ባለችበት ድርቅ ትላለች። ባለቤቷ ብልህ ሰው ነውና ደጃፉ ላይ አስሯት ድምፁን ያስለምዳታል። ጡሩንባው ይነፋል፣ የሚነካት የለም። ውሎ አድሮ ቀና እንኳ ሳትል ሣሯን ትግጣለች። ሰውየው ደስ ብሎት ገበያ ይመልሳታል። የተገጨችበት ማእዘን ላይ ስትደርስ አንድ ጡሩንባ ይጮኻል፤ ገመዷን በጥሳ እብስ! «ይህን ያህል የለፋሁት በከንቱ!» ይላል ባለቤቷ።

በከንቱ አልለፋም። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ የከሰመ ምላሽ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ እንደሚያንሰራራ በውሾቹ ላይ አይቶ ጽፏል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲው ማርክ ቡተን ቦታ ምን ያህል እንደሚወስን አሳይቷል። በእሱ አስተሳሰብ፣ ማክሰም፣ ማለትም ድምፁን ያለ ጉዳት እየደጋገሙ ፍርሃቱን ማጥፋት፣ የቀደመውን ትምህርት አይፍቀውም፤ በላዩ ሌላ ትምህርት ይጨምርበታል። ሁለተኛው ትምህርት የተማሩበትን ቦታ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ቦታው ሲለወጥ የመጀመሪያው ብቅ ይላል። ጉዳቱ ለብቻው፣ ያለ ድምፁ፣ አንድ ጊዜ ቢደገም እንኳ የድምፁ ፍርሃት ሊመለስ ይችላል።

ውርንጭላዋ ምሳሌ ናት፤ ሙከራው የተደረገው በአይጥ ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂ ህዩን ኪም እና ሪክ ሪቻርድሰን በ2007 ባወጡት ሥራ ግልገል አይጦችን ድምፅ እያሰሙ በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት አስፈራሯቸው፤ ቀጥሎም ድምፁን ብቻውን እየደጋገሙ ፍርሃቱን አከሰሙት። የ24 ቀን ግልገሎች ወደ መጀመሪያው ቦታ ሲመለሱ እንደ ጎልማሶቹ እንደገና በፍርሃት ድርቅ አሉ። የ17 ቀኖቹ ግን ቦታው ቢለወጥም፣ ንዝረቱ ለብቻው ቢመጣም፣ የከሰመው ፍርሃት አልተመለሰባቸውም። ልዩነቱ የአንድ ሳምንት ዕድሜ ነው! አይጥ ጡት የምትተወው ደግሞ በሦስት ሳምንቷ ገደማ ነው።

በዚያች ሳምንት አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል? ፍርሃት የሚመዘገበው አሚግዳላ በሚባለው፣ ለውዝ በሚመስለው የአንጎል ክፍል ነው። እነ ኪም በ2009 የፊተኛውን አንጎል ክፍል በመድኃኒት ለጊዜው ሲያደነዝዙት የ24 ቀኖቹ የማክሰም ትምህርት ተሰናከለ፤ የ17 ቀኖቹ ምንም አልሆኑም። ትልቁ ግልገል የሚያከስመው ፍርሃቱ በፊተኛው አንጎል እየተገታ ነው፤ ትንሹ ግን ያለዚያ ገቺ ነው። በዚያው ዓመት ተመራማሪዋ ናዲን ጎጎላና ባልደረቦቿ ያገኙት ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል። ግልገሏ ስታድግ በአሚግዳላ ነርቮች ዙሪያ መረብ መሰል ሽፋን ይሠራል። ጎልማሳ አይጦች ፍርሃቱን ከመማራቸው አስቀድሞ ይህ መረብ በኤንዛይም ሲሟሟ፣ የከሰመ ፍርሃታቸው እንደ ጨቅላዎቹ ሳይመለስ ቀረ። ፍርሃቱን ከተማሩ በኋላ ማሟሟቱ ግን አልጠቀመም።

እዚህ ላይ እናት ትመጣለች። ብሪጅት ካላሃንና ሪቻርድሰን በ2011 እንዳሳዩት፣ በጨቅላነታቸው በየቀኑ ለሦስት ሰዓት ከእናታቸው የተለዩ ግልገሎች ገና በ17 ቀናቸው እንደ ትልልቆቹ ሆኑ፤ የከሰመው ፍርሃት ተመለሰባቸው። የጭንቀት ሆርሞን በእናቲቱ የመጠጥ ውኃ ሲጨመርም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። በሌላ ጥናት እናቶቹ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ውኃ ሲጠጡ ከእናታቸው የተለዩት ግልገሎች ሁኔታ ለዕድሜያቸው እንደሚጠበቀው ሆነ። (እርጎ ወዳጆች ሆይ፣ ገና አትጨብጭቡ፤ ባክቴሪያው የተመረጠ ነው።)

ከሐዲያና ከከምባታ ስንት አባት ደቡብ አፍሪካ፣ ስንት እናት ዓረብ አገር እንዳለ ለእናንተ አልነግርም። ከአይጥ ተነሥቶ የእነዚህን ቤቶች ልጆች መፈረጅ ግን አልደፍርም። የአይጧ ግልገል አያት የላትም፤ አክስትና ጎረቤትም የላትም።

ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የጠበበ ነው። አንድ ቦታ ተገርፎ የፈራ ተማሪ በሌላ ክፍል ከተላመደ በኋላ ወደ ቀድሞው ክፍል ሲመለስ ቢንቀጠቀጥ፣ ልግመኛ አትበሉት፤ የተላመደው ሌላ ቦታ ነውና። ማላመዱ በተለያዩ ቦታዎች ሲሆን መመለሱ እንደሚቀንስ በአንዳንድ ሙከራዎች ታይቷል፤ ስለዚህ በፈራበት ክፍልም፣ በሜዳውም፣ በቢሮውም ይሁንለት። አለንጋው ደግሞ ከክፍሉ ይውጣ፤ ልጁ ከተላመደ በኋላ አንድ ተጨማሪ ግርፋት ምን እንደሚያደርግ ከአይጦቹ አይተናል።