የቤት ውስጥ አየርና የሻጋታ ብናኝ በክረምት ወራት
ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር



በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ሕዝቡ በቤቱ እንዲቆይ ተመክሮ ነበር። ምክሩ ተገቢ ነበር። ሆኖም ሰው ቀኑን በቤት ውስጥ ሲያሳልፍ የሚተነፍሰው አየር ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ አሳሳቢ ይሆናል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ይጠናል።

በቀደምት መንደሮች ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ከእንጨትና ከጭቃ በተሠሩ፣ ቆርቆሮ በለበሱና ግድግዳ ለግድግዳ በተጠጋጉ ቤቶች ነው። በእነዚህ ቤቶች አየር የሚለወጠው በአብዛኛው በበርና በመስኮት ነው። መስኮቱም ብርድ እንዳይመታ በመፍራት ይዘጋል።

ጣሪያ ሲያፈስና ግድግዳ ከመሬት ውኃ ሲስብ ቤቱ ይረጥባል። የራሰ ኮርኒስ፣ ፍራሽ ወይም ልብስ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ሻጋታ የሚራባው በዓይን በማይታዩ ዘሮች ነው። የአስፐርጊለስና የፔኒሲሊየም ዘሮች ከ1 ሚሊሜትር አንድ መቶኛ እንኳ ያነሱ በመሆናቸው በአየር ተንሳፈው እስከ ሳንባ ይዘልቃሉ።

ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። አስም ያለበትን ግን ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ሌላውንም ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ ዓይኑን ያሳክካል። የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይም ከባድ የሳንባ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ሆኖም ሳልን ሁሉ ለሻጋታ መስጠት አደገኛ ነው። ትኩሳት የሻጋታ አለርጂ የተለመደ ምልክት አይደለም፤ ስለዚህ ሳልና ትኩሳት የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባዋል።

የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይመከራሉ፦

• በርና መስኮት ጠዋት፣ ቀትር ላይና ምግብ ከተበሰለ በኋላ ይከፈቱ። የሻጋታውን ዘርና የቫይረሱን ቅንጣት ከክፍሉ የሚያወጣው ይኸው ነፋስ ነው።
• አራስ፣ ሕፃንና አረጋዊ በጋቢ ይሸፈኑ፤ ነፋሱ ከሚያልፍበትም ፈቀቅ ይበሉ። ሰው ይሸፈን እንጂ መስኮት አይደፈን።
• አልጋና ቁም ሣጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ።
• ሻጋታ በደረቁ አይጠረግ፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ቦታውም ይድረቅ። በረኪና ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።
• እርጥበት ለማድረቅ ተብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል አይቀጣጠል፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ዕጣንም ሽታውን ይሸፍን እንደሆነ እንጂ ሻጋታውን አያጠፋም።
• የሚያፈስ ጣሪያ ዝናቡ ሳይጠና ይጠገን፤ ምንጩ ካልደረቀ ሻጋታው ተመልሶ ይበቅላልና።

እነዚህ ተግባራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። በአንድ ክፍል ለሚያድሩ ቤተሰቦች ግን የአንዱ ትንፋሽ የሁሉም ነውና፣ የአንዱ ጥንቃቄም የሁሉም ጤና ነው።