ወደ ኮርቻው መመለስ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የብስክሌት ቡድኑን ወክለን ያቀረብነው ንግግር)



ከዛሬ አጀንዳዎች አንዱ የእኛ ጉዳይ ነው። የአራቱ ብስክሌቶች የጥገና ገንዘብ ወደ ብድር ሣጥኑ ይዛወር ወይስ ባለበት ይቀጥል የሚለው ከሰዓት በኋላ በድምፅ ይወሰናል። ይዛወር ያሉት እኅቶች በክፋት አላሉትም። ብድር ጠብቀው ወረፋ የያዙ እናቶች አሉ፤ ከእኛም ሁለቱ እዚያው ወረፋ ላይ ናቸው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ብስክሌቶቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ እንንገራችሁ።

ሰባት ነን። ሁላችንም በልጅነታችን ሳይክል ነድተናል። ሐዋሳ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማችን ሜዳ ናት፣ ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ ልጅም አዋቂም በሳይክል ሲመላለስ ነው የኖረው። ከዚያ ትዳር፣ ልጅና ሥራ ሲከታተሉብን ተውነው። በኋላ ደግሞ አካላችን ተወን። አንዷን ባጃጅ ገጭቷት የእጇ አንጓ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ከርሟል። ሁለቱ የጉልበት ሕመምተኞች ናቸው፤ ገበያ ቆመው መዋል አቅቷቸው ንግዳቸውን ለልጆቻቸው አስረክበው ነበር። ሦስቱ ደም ግፊት ወይም ስኳር አለባቸው። ታላቃችን የማሕፀን ቀዶ ጥገና አድርጋ፣ ሐኪሟ “አሁን ትችያለሽ” እስኪላት ወራት ጠብቃ ነው የተቀላቀለችን።

“ለምን በእግራችሁ አትሄዱም?” ትሉናላችሁ። የምንችለው እንሄዳለን። ጉልበቱ የታመመ ሰው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ክብደቱን የሚሸከመው በዚያው በታመመው ጉልበት ነው። ብስክሌት ላይ አብዛኛውን ክብደት ኮርቻው ይይዝልናል፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ጡንቻም ይሠራል፣ ጭነቱ ግን ቀላል ነው። ይኸው ጥቅሙ ጉድለትም አለው። አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ስለሆነ፣ በእኛ ዕድሜ ለሚሳሳ አጥንት ብስክሌት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የወንበር መደገፊያ ይዘን ቁጭ ብድግ እንሠራለን። አዳራሹ በር ላይ አይታችሁን የሳቃችሁ አላችሁ፤ ግድ የለም፣ ሳቁ።

ከሁሉ በፊት የምናስተካክለው ኮርቻውን ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ መታጠፍ አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከልክ በላይ እየታጠፈ ከፊት በኩል ያማል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ዳሌ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ወገብን ይይዛል። ችግሩ፣ አንድ ጊዜ የወደቀች ሴት እግሯ መሬት ካልነካ አታምንም። “ከፍ አድርጊው” ብሎ መጎትጎት ፍርሃቷን ያብሳል እንጂ አያስወጣላትም። እኛ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ኮርቻውን ዝቅ አድርገን፣ ፔዳል ሳንረግጥ፣ መሬቱን በእግራችን እየገፋን በግቢ ውስጥ እንንከባለላለን። ሚዛኗን ስታገኝ ኮርቻው የጣት ውፍረት ያህል ከፍ ይላል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና። ለአንዳንዷ ይህ ወር ይፈጃል፤ ይፍጅ።

እጇ የተሰበረው እኅታችን ፍሬኑን አጥብቃ መያዝ እስክትችል ከግቢ አልወጣችም። ጨርቅ ጠቅልላ እየጨመቀች እጇን ስታለማምድ ከረመች። ማርሽ አቅልሎ ቶሎ ቶሎ መርገጥ፣ ከባዱን ይዞ ከመታገል ለጉልበት ይሻላል። ልብስም ነገር አለው፤ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ካቴና ውስጥ ይገባል፤ ለዚህ ነው አጋሮቻችንን የካቴና መሸፈኛ ያለውና መሐሉ ብረት የሌለው የሴት ብስክሌት የጠየቅነው።

ልካችን ኪሎ ሜትር ሳይሆን ደቂቃ ነው። በ10 ደቂቃ ጀመርን። እየነዳን ማውራት መቻል አለብን፤ ወሬው ከተቆራረጠ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። (ወሬ በእኛ ቡድን እጥረት የለበትም።) ፈራጁ ደግሞ የማግስቱ ጠዋት ነው። ጉልበት አብጦ ካደረ ቀጣዩ ጉዞ በግማሽ ይቀነሳል፤ ደህና ካደረ ያው ይደገማል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደህና ካደረ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚያ የደረስነው አራታችን ነን። የስኳር መድኃኒት የምትወስደው ከረሜላ በኪሷ ሳትይዝ አትወጣም። ደረቷን የወጋት ወይም የዞረባት ወዲያው ትወርዳለች፤ ጤና ጣቢያ ሳትታይም አትመለስም።

ሰፈሩ ምን አለ? “በዚህ ዕድሜሽ!” አለ፤ ሌላ ምን ይላል። የአንዷ ልጅ እናቴ ትወድቅብኛለች ብሎ የብስክሌቱን ቁልፍ ደብቆባት ነበር። ከፍቅር ነው፣ አልተቀየመችውም። አንድ ጠዋት ከኋላዋ እየሮጠ ተከተላት፤ አሁን ጎማውን የሚነፋላት እሱ ነው።

ተአምር አላመጣንም። መድኃኒቷን ያቆመች የለችም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቆምም የለባትም። ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ከሁለቱ አንዷ ወደ ገበያ ተመልሳለች፤ ግማሽ ቀን ቆማ ትሸጣለች፣ አቋርጣው የነበረውን የወር ቁጠባም ጀምራለች። ሌላዋ ገና ናት። የብድር ሣጥኑን በሚመለከት እንድታስቡልን የምንፈልገው ይህንን ነው፦ ሣጥኑ የሚሞላው በአባላት ቁጠባ ነው፤ ታማ ቤት የዋለች አባል አትቆጥብም፣ የተበደረችውንም ለመመለስ ትቸገራለች።

አጋሮቻችን፣ ብስክሌቶቹን የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ፣ እናመሰግናለን። ርክክቡ ላይ የተነሣነው ፎቶ አምሮ ወጥቷል። በፎቶው የማይታየው ግን ካላማዳሪው፣ የፍሬን ጎማውና የጎሚስታው ሒሳብ ነው። ያለ እሱ አራቱም ብስክሌቶች ባንድ ክረምት መጋዘን ይገባሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጥገናውን ገንዘብ ለስድስት ወር ብቻ ተዉልን። በእነዚህ ወራት ከቡድናችን ሰዓት ውጭ ብስክሌቶቹን በሰዓት እናከራያለን፤ ገቢው በሙሉ ለጥገና ይውላል። ኪራዩ ጥገናውን ከሸፈነ ገንዘቡን ራሳችን ወደ ብድር ሣጥኑ እንመልሳለን። ካልሸፈነም ጉባኤው እንደገና ይወስን፤ አንከራከርም።

የጎሚስታውን ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጻፍንበት ደብተር ከገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ አለ። በሻይ ሰዓት ማየት የምትፈልጉ ኑ፤ አጠገቡ ቆመን እንጠብቃችኋለን።