መንፈሳዊነት ምን ማለት ነው? ከሃይማኖተኛነትስ በምን ይለያል?

(በጣቢያችን የእድር ኮሚቴ ስም በነዋሪዎች የስብሰባ አዳራሽ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ስለ መንፈሳዊነት ለመናገር የቆምነው ከእናንተ የበለጠ ስለምናውቅ ሳይሆን ስላጠፋን ነው። ጉዳዩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ዓመት ብቻውን ይኖር የነበረ አንድ ወንድማችን ታሞ ዐረፈ። ዘመድ የለውም። ስሙም ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ሠፈር የሚገኝ ስም ነው። በመመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ሃይማኖት የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እኛም በየትኛው መቃብር ይቀበር፣ ማን ይጠበው፣ ማን ይጸልይለት እያልን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተከራከርን። ሬሳው በዚያ ሙቀት ድንኳን ውስጥ ነበር። ስንከራከር ከመጻሕፍት ያልጠቀስነው የለም። ሁላችንም ሃይማኖተኞች ነበርን።

የክርክሩን መጨረሻ ቆይተን እንናገራለን። መጀመሪያ ቃሉን እንመልከት።

መንፈስ ከግዕዝ የመጣ ቃል ነው። ነፋስ፣ ነፍስ፣ ተነፈሰ፣ ትንፋሽ ከምንላቸው ጋር ከአንድ ሥር ይወጣል። ዐረብኛ የምታውቁ ሩሕ መንፈስ፣ ሪሕ ደግሞ ነፋስ መሆኑን ታውቃላችሁ። በኦሮምኛም ሐፉራ ማለት ትንፋሽም መንፈስም ነው። ቋንቋዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ አሳባቸው ግን ተመሳሳይ መሆኑ ያስገርማል። ትንፋሽ አይታይም፤ የታጣ ጊዜ ግን ሁሉም ያውቃል። ደግሞም ትንፋሽ ለብቻ ተይዞ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ወደ ውስጥ የገባው ተመልሶ ካልወጣ ሰው ይሞታል። እኛ መንፈሳዊነት ስንል ይህን ማለታችን ነው፤ ሰው ከፈጣሪው የተቀበለውን ለራሱ ብቻ ሳያፍን ለሌላው የሚያወጣበት የውስጥ ኑሮ ነው።

ሃይማኖት ደግሞ ማመንና መታመን ከሚሉት ቃላት ጋር የተዛመደ ነው። መጽሐፍ አለው፣ ሥርዓት አለው፣ የሚያስተምሩና የሚመሩ አባቶች አሉት፣ የጾምና የበዓል ቀን አለው። ከወላጅ እንወርሰዋለን፣ ለልጅ እናወርሰዋለን። ሕግም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት በሃይማኖቱ ምክንያት መሳደድን ፈርቶ ከአገሩ የወጣን ሰው በስደተኛነት ያውቀዋል። በአንቀጽ 4ም ፈራሚ መንግሥታት ስደተኛው ሃይማኖቱን እንዲፈጽምና ልጆቹን በሃይማኖቱ እንዲያስተምር ቢያንስ ለራሳቸው ዜጎች የሚሰጡትን ያህል ነፃነት እንዲሰጡት ግዴታ ገብተዋል። ስለዚህ ነው ቅጹ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው። መንፈሳዊ ነህ ወይ የሚል ቅጽ ግን እስከ ዛሬ አላየንም። ቢኖርም ሁላችን አዎን ብለን እንሞላው ነበር።

ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም። ሃይማኖት ጀሪካን ነው ብንል መንፈሳዊነት ውኃው ነው። ያለ ጀሪካን ውኃ ከቧንቧ እስከ ቤት አይደርስም። “እኔ ሃይማኖት አያስፈልገኝም፣ መንፈሳዊ ነኝ” የሚሉ ወጣቶቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ በእፍኝ የተቀዳ ውኃ መንገድ ላይ ያልቃል። ባዶ ጀሪካን ግን፣ ሁላችንም እንደምናየው፣ ባለቤቱን ተክቶ ከሌሊት ጀምሮ ሰልፍ ይይዛል እንጂ የማንንም ጥም አይቆርጥም።

ጾምን እንውሰድ። በእኛ ጣቢያ ከማሽላው፣ ከባቄላውና ከዘይቱ ሌላ ለማያገኝ ሰው ጾሙም ፍስኩም አንድ ነው እያልን እንቀልዳለን። ቀልዱ ግን እውነት አለበት። ሥጋና ቅቤ በሌለበት ከሥጋና ከቅቤ መከልከል ምን ማለት ነው? ሥርዓቱ ሲፈጸም የሚተወው ነገር ከሌለ፣ የሚተው ሌላ ነገር መፈለግ ይኖርብናል። በሰልፍ ላይ የሚወረወረውን ስድብ፣ በራሽን ካርድ የሚሠራውን ተንኰል መተው ይቻላል። የረመዳንም ጿሚዎች ወንድሞቻችን ቀኑን ሙሉ ተጠምተው ውለው ማታ ቧንቧው ሲከፈት ሽማግሌ ሲያስቀድሙ አይተናል፤ የማያስቀድሙም አሉ። ጾሙ ግን የሁሉም አንድ ነው።

ከመንፈሳዊነት ጋር የሚምታቱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። መንፈሰ ጠንካራነት አንዱ ነው። ችግርን መቻል ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ሌባም ደፋርና ታጋሽ ሊሆን ይችላል። ሌላው “መንፈስ አለበት” የምንለው ነው። ስለ ዛርና ስለ ክፉ መንፈስ እዚህ አንከራከርም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ እንቅልፍ ያጣ፣ የሚባንን፣ ከሰው የራቀ ሰው ሁሉ እምነቱ የጎደለ ወይም መንፈስ የያዘው አይደለም። ጦርነትና ስደት በሰው አእምሮ ላይ ቁስል ይተዋሉ፤ እርሱን የሚያክም የጤና ባለሙያ አለ። የሳምባ ነቀርሳ ሕክምናም ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር የሚወስድ ነው። ጠበል እጠመቃለሁ ወይም ዱዓ ይደረግልኛል ብሎ ክኒኑን በሁለተኛው ወር የሚያቋርጥ ሰው በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ሊመለስበት ይችላል፤ ቤተሰቡንና ጎረቤቱንም ያስይዛል። ጠበሉንም ክኒኑንም ቢወስድ የሚቃወመው የለም። ጎረቤትን ለበሽታ ማጋለጥ ግን መንፈሳዊነት ሊባል አይችልም፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን።

ስደት ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም፤ ስደተኛ መቀበልም እንዲሁ። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው እ.ኤ.አ. በ615 ግድም የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም መጡ። የመካ ሹማምንት ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩና መልሱልን አሉ። ንጉሡ ግን ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቀ፤ ጃዕፈር የተባለው ቃል አቀባያቸውም ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል አነበበለት። ንጉሡ ስጦታውን መለሰ፣ ሰዎቹን አልሰጠም። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅና ማዳመጥ ነው። እኛ በዚያን ቀን ያላደረግነው እሱን ነበር።

አሁን ወደ ሟቹ እንመለስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት እናታችን ጀሪካን ተሸክማ መጣች። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ ጠላ ጠምቃ ነው የምትኖረው፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም አትታይም። እኛም ስለ እርሷ ብዙ አውርተናል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ይገባዋል ይባላል፤ በዚያ ሰሞን ግን እርሱንም አላገኘንም ነበር። ያመጣችው የቤቷን የቀን ውኃ ነው። “ክርክሩን እናንተ ያዙት፣ ውኃው ይኸው” አለችና አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ብዙ የተናገረ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ አጠቡት። በሁለቱ መቃብሮች መካከል ባለው መሬት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ቄሱና ሼኩ በየእምነታቸው ጸለዩ። ያን ዕለት ማታ የእርሷ ልጆች ምን እንደጠጡ ከእኛ መካከል የጠየቀ አልነበረም። ይህን ያወቅነው ከሳምንት በኋላ፣ ከጎረቤት ተበድራ ማደሯን ስንሰማ ነው።

ኮሚቴው በሚቀጥለው እሑድ ስለ መካከለኛው የመቃብር ቦታ የተዘጋጀውን አሳብ ያቀርባል። ቄሶቹም፣ ሼኮቹም፣ የወንጌላውያኑ መሪዎችም እንዲገኙ ጠይቀናል። እናቶችም እንድትመጡ፤ ባለፈው ስላልጠራናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያቺ እናታችን ከመካከላችሁ ካለች፣ የውኃው ዕዳ አለብን።