ዓይንና መዝጊያ፦ በተኩስ ጊዜ መከላከያ መነጽር ስለ ማድረግ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. ጀርመናዊው ጠመንጃ ሠሪ ፓውል ማውዘር ራሱን በራሱ የሚያጎርስ አዲስ ጠመንጃ ሲሞክር መዝጊያው በሚገባ ሳይቆለፍ ጥይቱ ፈነዳ፤ አንድ ዓይኑንም አጣ። ማውዘር ለሙያው እንግዳ አልነበረም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የጀርመን ጦር የተቀበለውና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩት እጅግ ብዙ ጠመንጃዎች መሠረት የሆነው የ1898ቱ ሞዴል የእርሱ ሥራ ነው። በዚያ ጠመንጃ መዝጊያ ላይ ሁለት የጋዝ ማምለጫ ቀዳዳዎች ተበጅተዋል፤ ከኋላውም ጋሻ መሰል ሰፋ ያለ ከንፈር ተጨምሯል። የሁለቱም ተግባር አንድ ነው፤ ቀለህ ቢቀደድ ወይም ካፕሱል ቢበሳ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ጋዝ ከተኳሹ ፊት ማራቅ። እንግዲህ ስለ ተኳሽ ዓይን ይህን ያህል ያሰበ ሰው ነው በገዛ እጁ ሥራ ዓይኑን ያጣው።

ይህ ታሪክ ለመሐንዲሶች ስብሰባ የሚቀርበው ስለ ማውዘር ዕድል ለማዘን አይደለም። የመሣሪያው ንድፍ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ከመሣሪያውና ከዓይን መካከል ሌላ ግድግዳ የሚያስፈልግ መሆኑን ከዚህ ይልቅ በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ ስለማይገኝ ነው።

ጠመንጃ ሲነሣ የሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ከአፈሙዝ ወደሚወጣው አረር ነው። የባሩድ ጋዝ ግን አቅጣጫ አይመርጥም። 7.62 በ51 ሚሊ ሜትር በሚባለው ጥይት መጉረሻው ውስጥ እንዲደርስ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 415 ሜጋፓስካል ነው፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት ከ4000 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በክላሺንኮቭ ጥይት 355፣ በ9 ሚሊ ሜትሩ የሽጉጥ ጥይት 235 ሜጋፓስካል ይደርሳል። አረሩን ወደ ፊት የሚገፋው ይኸው ግፊት የቀለሁን ግርጌ ወደ ኋላ ይገፋል፤ በመጀመሪያው ምሳሌ በመዝጊያው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከ3 ቶን የሚያንስ አይሆንም። ይህን ሁሉ ጋዝ አፍኖ የሚይዘው የናስ ቀለህ ነው፤ የግድግዳውም ውፍረት በአንገቱ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ማንኛውም ሌላ የግፊት ዕቃ ሲፈተሽ ሠራተኛው ራቅ ብሎ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ መለኪያውን ያነባል። በቦይለር ፍተሻ ጊዜ ፊቱን ከክዳኑ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ቢኖር እንደ እብድ ይቆጠር ነበር። ተኳሽ ግን ይህንኑ ያደርጋል፤ ጉንጩን ከሰደፉ ጋር አጋጥሞ፣ ዓይኑን ከመዝጊያው በስተኋላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ አርቆ ካላስተካከለ ማነጣጠር አይችልም። አደጋው ከሥራው ጋር አብሮ የተነደፈ ነው ማለት ይቻላል።

ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በካፕሱል በሚተኮሱት ጠመንጃዎች የመዳብ ካፕሱሉ እየተሰባበረ ፊት ላይ ስለሚበተን፣ የመምቻው ጫፍ እንደ ጽዋ ተቦርቡሮ ካፕሱሉን ዙሪያውን እንዲከድን ተደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣው የፈረንሳዩ የ1874 ግራ ጠመንጃ፣ በአገራችን ውጅግራ ተብሎ የሚታወቀውና ስሙ ከአድዋ ዘመን ጋር የተያያዘው፣ በ1880 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ተደርጎበታል። ማሻሻያውም ቀለህ ሲቀደድ ጋዙ የሚያመልጥበት ቦይ በመዝጊያው ቤት ግራ ግድግዳ ላይ መቆፈር ነበር። ተከታዩ ለቤል ጠመንጃም በ1893 እንዲሁ ታርሟል፤ ካፕሱል ሲበሳ የሚወጣው ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይሄድ የመዝጊያው ራስ ተለወጠ። እነዚህ እርማቶች በሙሉ የመጡት መሣሪያዎቹ በሠራዊት እጅ ከገቡ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰዎች ተጎድተው ነው ቦዩ የተቆፈረው። እነሆ ዛሬም በአንዳንድ ቤት ከአያት የተወረሰ አሮጌ ጠመንጃ ከግድግዳ ላይ ይገኛል፤ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ዕድሜው ባልታወቀ ጥይት ለመተኮስ የሚያስብ ሰው ብረቱ ከተሠራ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆነው፣ ናስም ሲያረጅ እንደሚሰነጠቅ ማስታወስ አለበት።

አዲስ መሣሪያና አዲስ ጥይት የያዘውም ቢሆን ከዚህ ሥጋት ነጻ አይደለም። ባሩድ ያነሰው ጥይት አረሩን ከአፈሙዝ ማድረስ አቅቶት በመካከል ይቀራል፤ ተኳሹ ሳያስተውል ሁለተኛውን ሲተኩስ ጋዙ መውጫ ያጣል። በአደን ጠመንጃ ደግሞ ቁጥር 20 ጥይት በስሕተት ቁጥር 12 አፈሙዝ ውስጥ ቢገባ ተንሸራትቶ ከፊት ይወተፋል፤ መጉረሻው ባዶ መስሎ ስለሚታይ ከኋላው ትክክለኛው ጥይት ይጨመርበታል። ፋብሪካዎች ቁጥር 20ን በቢጫ ቀለም የሚሠሩት ስለዚህ ነው። ጥይቱን በቤቱ የሚሞላ ሰው ባሩዱን ሁለት ጊዜ ቢጨምር ወይም የሽጉጥ ባሩድ ለጠመንጃ ቢጠቀም የሚደርሰውን መሐንዲስ ለሆነ አድማጭ መዘርዘር አያስፈልግም።

እነዚህ ሁሉ እምብዛም የማይደርሱ ናቸው ይባላል፤ እውነትም ነው። በየተኩስ ሜዳው በየቀኑ የሚደርሰው ግን ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። ከጎን ያለው ሰው ጠመንጃ የሚተፋው የጋለ ቀለህ፣ ከብረት ኢላማ ላይ ተፈናጥሮ የሚመለስ የእርሳስ ፍንጣሪ፣ ነፋስ የሚመልሰው ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቆዳ ላይ ቢያርፉ ከጭረት የማያልፍ ምልክት ትተው ይሄዳሉ። ስለዚህ መነጽር ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ለቆመውም፣ ለአሠልጣኙም፣ ለማየት ለመጣውም እንግዳ ያስፈልጋል።

ዓይንን ተፈጥሮ ያለ መከላከያ አልተወችውም፤ አጥንቱ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ አለ። ሆኖም እነዚህ የተሠሩት ለአቧራና ለዝንብ ፍጥነት ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪያበቃ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። በሴኮንድ 100 ሜትር የሚጓዝ ፍንጣሪ ግን 10 ሳንቲ ሜትሩን በአንድ ሺኛ ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ዓይን የሚጨፈነው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የሚመታውም ኮርኒያ የተባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን በመካከሉ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይወፍርም፤ ከቀለሁ አንገት ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ነው።

የአንድ ዓይን ጉዳት በአንድ ዓይን ላይ ላይቆም ይችላል። ለዓይነ ስውራን ፊደል የቀረጸው ሉዊ ብሬይል በ1812 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት አንድ ዓይኑን በወስፌ ወጋ፤ ሕመሙ ወደ ሌላው ተሻግሮ አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ጠፍተው ነበር። የሕክምና ሰዎች ይህን መዛመት ዛሬ በመድኃኒት ሊገቱት ይሞክራሉ፤ ሥጋቱ ግን ፈጽሞ አልቀረም።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። ማውዘር መነጽር ማድረግ ቢፈልግ ኖሮ የሚያገኘው ተራ ብርጭቆ ነበር፤ ብርጭቆም ሲመታ ተሰብሮ ራሱ ፍንጣሪ ይሆናል። ነገሩን የለወጠው ፖሊካርቦኔት ነው። በ1953 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጀርመን በባየር ኩባንያ ኸርማን ሽኔል፣ በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ዳንኤል ፎክስ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ በጥቂት ቀናት ልዩነት ደረሱበት። ይህ ፕላስቲክ ሲመታ ከመሰንጠቅ ይልቅ እንደ ለስላሳ ብረት ይሰረጉዳል፤ የመጣበትንም ኃይል በዚህ ይውጣል።

መነጽሩ ምን ያህል እንደሚችል በቁጥር ማወቅ ይቻላል። የአሜሪካው ዜድ 87.1 ደረጃ ለከፍተኛ ምት በተሠራ መነጽር ላይ 6.35 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ በሴኮንድ 45.7 ሜትር ይተኩሳል፤ ጉልበቱ ከ1 ጁል ጥቂት ይበልጣል። በዚያው ደረጃ 500 ግራም የሚመዝን ሹል ብረት ከ127 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይወድቅበታል። ለወታደር የሚሠራው ደግሞ 3.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቁራጭ በሴኮንድ 195 ሜትር ገደማ ሊቋቋም ይገባዋል፤ ይህ 7 ጁል ያህል ነው። ስለዚህ የተኩስ መነጽር የሚመርጥ ሰው በመስተዋቱና በክፈፉ ላይ የደረጃውን ምልክት፣ በአሜሪካው ዕቃ ከቁጥሩ ቀጥሎ የመደመር ምልክት መኖሩን ይመልከት። አረር ግን የሚያስቆም መነጽር የለም፤ የ7.62 በ51 ሚሊ ሜትሩ ጥይት አረር ከ3000 ጁል በላይ ይዞ ነው የሚወጣው። ለማንበቢያ የሚደረገው መነጽር ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተፈተነም፤ ጎኑም ክፍት ነው።

መነጽር ላለማድረግ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። ያልበዋል፣ ኢላማውን ያደበዝዛል፣ አባቶቻችን ያለ እርሱ ተኩሰዋል። ስለ ላቡ የሚባለው እውነት ነው፤ የአየር መተላለፊያ ያለውን መምረጥ ይቻላል። ስለ አባቶች ለሚባለው የውጅግራው ቦይ መልስ ሰጥቷል። አንድ ጉድለት ግን በቸልታ አይታለፍም። መነጽሩ ከግንባር ላይ ክፍተት ካለው የጋለ ቀለህ በዚያ ገብቶ በመስተዋቱና በጉንጩ መካከል ይወተፋል፤ የተቃጠለውም ሰው የጎረሰ መሣሪያ በእጁ እንደያዘ ይዘላል። በዚህ ጊዜ አደጋው የጎረቤቱ ይሆናል። ከንፈር ያለው ቆብ ማድረግ ይህን ክፍተት ይከድነዋል።

ተኩስ ሲያልቅ መነጽሩን ለማውለቅ መቸኮል አይገባም፤ መሣሪያ ሲፈታ የተወጠረ ሽቦ ይፈናጠራል፣ የማጽጃ ፈሳሽም ይረጫል። ያ ፈሳሽ ለራሱ ለመነጽሩም ጠላት ነው። አሴቶንና መሰል ማሟሚያዎች ፖሊካርቦኔትን በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይሞሉታል፤ ጥንካሬውም ይጠፋል። የሚታጠበው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ ነው፤ በጥልቅ የተጫረው ደግሞ ይለወጣል።

ጠመንጃ ይዘው የማያውቁ አባላት ይህ ንግግር እንደማይመለከታቸው አስበው ይሆናል። በሕንፃ ሥራ ቦታ ሚስማርን በባሩድ ኃይል በኮንክሪትና በብረት ውስጥ የሚተክለው መሣሪያ የሚሠራው 6.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው አረር አልባ ጥይት ነው። መጉረሻ አለው፣ መምቻ አለው፣ ቃታ አለው። ሚስማሩ በኮንክሪቱ ውስጥ ጠንካራ ጠጠር ሲያገኝ ይጣመማል፤ ወይም የኮንክሪቱን ገጽ ፈንቅሎ ቁራጩን ወደ ሠራተኛው ፊት ይመልሳል። መሰላል ላይ ሆኖ ጣሪያ የሚመታው ሠራተኛ ደግሞ ዓይኑን ወደ ላይ አቅንቶ ነው የሚሠራው። መነጽሩ ግን ብዙ ጊዜ እንደታሸገ ከመሣሪያው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። የሥራው ቦታ ኃላፊ የሆነ መሐንዲስ ጥይቱን ቆጥሮ ሲያስረክብ መነጽሩንም አብሮ ያስረክብ፤ ሠራተኛው መሰላሉን ሳይወጣም ፊቱን ይመልከተው።